ከጎብዬ ተነሥቶ በሐይቅ ላይ በጀልባ ዓሣ ማጥመድ

ጎብዬ ላይ ያደገ ሰው ውኃን የሚያውቀው በሁለት መልኩ ነው። በክረምት ከምዕራቡ ተራራ ድንጋይና ግንድ እያንከባለለ የሚወርድ ጎርፍ፣ በበጋ ደግሞ በአሸዋ መሀል የቀጠነ ጅረት ወይም የመስኖ ቦይ። ክረምት ከበጋ ሞልቶ የሚውል፣ ጀልባ የሚያንሳፍፍ ጥልቅ ውኃ ቆላው ውስጥ የለም። ብዙዎቻችን ዋና ሳንችል ያደግነውም በዚህ ምክንያት ነው። ይህ መመሪያ ዓሣን በሆቴል ሳህን ላይ ብቻ ለሚያውቅ፣ አሁን ግን ከጓደኞቹ ጋር ሁለት ቀን ወስዶ በጀልባ ላይ ሆኖ በመንጠቆ ማጥመድ ለሚፈልግ የጎብዬ፣ የሮቢትና የቆቦ ሰው የተጻፈ ነው።

አስቀድሜ አንድ ነገር ልበል። የጀልባ አጥማጅ ሥራ አብዛኛው የሚያልቀው መንጠቆው ውኃ ሳይነካ ነው። ቀዛፊውን፣ ሰዓቱንና ጀልባውን በደንብ ከመረጣችሁ ዓሣው አይጠፋም። በእነዚህ ከተሳሳታችሁ ግን ከውጭ አገር የመጣ ዘንግም አይጠቅማችሁም።

የት ይሻላል?

ከጎብዬ ሁለት ምርጫ አለ። ወደ ሰሜን በቆቦ፣ በዋጃና በአላማጣ አልፎ፣ የግራካሱን ጠመዝማዛ ወጥቶ፣ ከኮረም ወዲያ አሸንጌ ሐይቅ ይገኛል። ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ የተኛ፣ በተራራ የተከበበ ውኃ ነው። በመጋቢት 1928 ዓ.ም. መጨረሻ ከማይጨው ውጊያ ያፈገፈገው የንጉሠ ነገሥቱ ጦር በጣሊያን አውሮፕላኖች የተደበደበው በዚሁ ሐይቅ ዙሪያ ነው፤ ቦታውን ማየት ራሱን የቻለ ጉዞ ነው። ለጀማሪ አጥማጅ የምመክረው ግን በደቡብ በኩል ያለውን፣ በደቡብ ወሎ ተሁለደሬ ወረዳ የሚገኘውን የሐይቅን ውኃ ነው። ከተማዋም ሐይቅ ትባላለች፤ በአስፋልቱ ላይ ናት። ዳር ላይ ዓሣ አጥማጆች፣ ለእንግዳ የሚከራዩ ጀልባዎችና የተጠበሰ ዓሣ የሚሸጡ ቤቶች አሉ። ለመጀመሪያ ጊዜ የሚወጣ ሰው የሚያስፈልገው የሚያግዘው ሰው ያለበት ውኃ ነው፤ ሐይቅ ያንን ያሟላል።

መንገዱ ቀላል ነው። ከጎብዬ አላ ውኃን ተሻግራችሁ ወልድያ፤ ከዚያ ስሪንቃ፣ መርሳ፣ ውርጌሳ፣ ውጫሌ፣ ከዚያ ሐይቅ። ከወልድያ እስከ ደሴ 120 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን ሐይቅ ደሴ ለመድረስ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲቀር ይገኛል። ሻይ ለመጠጣት ውጫሌ ላይ የምትወርዱ ከሆነ፣ ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. ዳግማዊ ምኒልክና ጣሊያን የተፈራረሙት፣ በኋላም ለዐድዋ ጦርነት ምክንያት የሆነው ውል ስሙን የወሰደው ከዚሁ ቦታ መሆኑን ለልጆች ንገሩ።

በዋዜማው ማታ ከዚያ መስመር የተመለሱ የሚኒባስ ሾፌሮችን ስለ መንገዱ ሰላም ጠይቁ። ቁርጥ ያለ መልስ ካጣችሁ ጉዞውን ለሌላ ሳምንት አሳድሩት። ዓሣው የትም አይሄድም።

ከጎብዬ ሌሊት ተነሥቶ በዚያው ጠዋት ጀልባ ላይ ለመውጣት ማሰብ አያዋጣም። የምትደርሱት ዓሣው መብላቱን ሲቀንስና ነፋሱ ሲነሣ ይሆናል። በዋዜማው ከቀትር በፊት ተነሥታችሁ፣ ከመምሸቱ በፊት ሐይቅ ደርሳችሁ፣ ከቀዛፊው ጋር ተነጋግራችሁ እዚያው እደሩ። ሐይቅ ከቆቦ ሜዳ ከፍ ያለ ቦታ ነው፤ ሌሊቱ በተለይ ከኅዳር እስከ ጥር ለቆላ ሰው ይበርዳልና ሹራብ ያዙ።

ወቅቱን በተመለከተ ከጥቅምት እስከ ጥር ያለው ጊዜ ለጀማሪ ይመቻል፤ ሰማዩ ጥርት ያለ፣ ውኃው የሰከነ ነው። በሐምሌና በነሐሴ በጀልባ አትውጡ። ከሰዓት በኋላ ድንገት የሚነሣው ዝናብና መብረቅ በገላጣ ውኃ ላይ መጠለያ አይሰጥም፤ ጎርፍ ያደፈረሰው ዳርም ለመንጠቆ አይመችም። በዐቢይ ጾም ዓሣ ፈላጊው ስለሚበዛ አጥማጆቹ በሥራ ይጠመዳሉ፤ በዚያ ሰሞን ከሄዳችሁ ቀዛፊ ቀደም ብላችሁ ያዙ።

ምን ይያዛል?

ዘንግ ያለው ዘንጉን ይያዝ፤ የሌለው አይቸገር። ከጀልባ ላይ በእጅ የሚለቀቅ ክር ለመማር እንዲያውም ይሻላል፤ ዓሣው ምን እያደረገ እንደሆነ በጣታችሁ ትሰሙታላችሁ። ጠንካራ የናይለን ክር ግዙ፤ ቆሮሶ ለሚባለው ዓሣ 0.25 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው፣ አምባዛ ለሚባለው 0.45 ወይም 0.50። እያንዳንዱን ክር በባዶ የሃይላንድ ጠርሙስ ላይ ለየብቻ ጠቅልሉት። ጠርሙሱ ከእጅ ቢያመልጥም ይንሳፈፋል።

መንጠቆ ስትገዙ ቁጥሩ ከፍ ሲል መንጠቆው እንደሚያንስ አትርሱ። ለቆሮሶ 8 ወይም 10 ቁጥር ይበቃል፤ አፉ ትንሽ ነው። ለአምባዛ ከ1/0 እስከ 3/0 የሚባሉትን ትልልቆች ፈልጉ። መርካቶ ወይም ባሕር ዳር የሚመላለስ ሰው ካላችሁ አደራ በሉት፤ መንጠቆ በየመንገዱ የሚገኝ ዕቃ አይደለም። ለክብደት እርሳስ ከታጣ ከጋራዥ አንድ ሁለት አሮጌ ዳዶ ይበቃል። ለመንሳፈፊያ ቡሽ ወይም የነጭ ፎም ቁራጭ።

አሁን ቋጠሮው። ጀማሪ ዓሣ የሚያመልጠው ብዙውን ጊዜ ክሩ ተበጥሶ ሳይሆን ቋጠሮው ተፈትቶ ነው፤ ስለዚህ ጎብዬ ሳላችሁ በብርሃን ተለማመዱት። የክሩን ጫፍ በመንጠቆው ቀዳዳ አሳልፉና አንድ ስንዝር ያህል አውጡ። ጫፉን በዋናው ክር ላይ አምስት ስድስት ጊዜ ጠምዝዙት። ከዚያ ጫፉን ወደ መንጠቆው መልሳችሁ፣ ከቀዳዳው አጠገብ በተፈጠረችው ትንሽ ክብ ውስጥ አስገቡት። ከመሳባችሁ በፊት በምራቅ አርጥቡት፤ ደረቅ ናይለን ሲጠብቅ በፍትጊያ ይግልና ይዳከማል። ቀስ ብላችሁ ሳቡ፤ ጥምዝምዞቹ ተደራርበው ይቀመጣሉ። ትርፉን ቁረጡ። ከዚያ መንጠቆውን እንጨት ላይ ሰክታችሁ በሙሉ ጉልበት ጎትቱት። የሚፈታ ከሆነ እዚያው ይፈታ።

ለማታለያ የምድር ትል የሚተካው የለም። እርጥበት ካለው የመስኖ ሽንኩርት ማሳ ወይም ከማንጎ ጥላ ሥር ማለዳ ቆፍራችሁ፣ ከነአፈሩ በተበሳ ቆርቆሮ አድርጉት። የቆቦ ፀሐይ ላይ አንድ ከሰዓት ከዋለ ሞቶ ይሸታል፤ በእርጥብ ጨርቅ ሸፍናችሁ ከመቀመጫ ሥር ጥላ ውስጥ አስቀምጡት። ሁለተኛው የስንዴ ሊጥ ነው። ሊጡ ውኃ ውስጥ እንዳይበተን ስታቦኩት ጥቂት የጥጥ ፈትል ቀላቅሉበት፤ መንጠቆው ላይ ይቆያል። ለአምባዛ የዶሮ አንጀት ወይም ጉበት ያዙ፤ ሽታው በጠነከረ መጠን ይወደዋል።

ስለ ልብስ አንድ ጥብቅ ማስጠንቀቂያ አለኝ፤ ጋቢ ለብሳችሁ ጀልባ ላይ አትውጡ። ጠዋት ቀዝቃዛ ነው፣ ልማዳችንም ነው፤ ግን ውኃ የጠጣ ጋቢ እግርና እጅን ጠምጥሞ ወደ ታች ይጎትታል። ቡልኮም እንደዚያው። ሹራብና ጃኬት ይበቃል። ፀሐይ ከወጣች በኋላ ከውኃው ላይ የሚነጥረው ጨረር ፊት ያቃጥላልና ሰፊ ኮፍያ አይቅር። በባዶ እግር ፊላና ሣር የበቀለበት ጥልቀት የሌለው ዳር ውስጥ አትግቡ። ቀንድ አውጣ የሚራባበት እንዲህ ያለ ውኃ የብልሃርዝያ መተላለፊያ ነው፤ ትሉ የሚገባው በቆዳ በኩል ነው። ቦቲ አድርጉ፤ ውኃ ከነካችሁም ወዲያው አድርቁ።

የመንሳፈፊያ ጃኬት ያለው ጀልባ ካገኛችሁ እሱን ያዙ። ከሌለ ለየሰው አንድ ባዶ ባለ 10 ሊትር ጀሪካን ክዳኑን አጥብቃችሁ፣ እጀታው ላይ የክንድ ርዝመት ገመድ አስራችሁ ይዛችሁ ሂዱ። ደረቱ ላይ ያቀፈውን ሰው ጭንቅላት ከውኃ በላይ ያቆያል። ጎብዬ ገበያ ላይ በርካሽ የሚገኝ ዕቃ ነው፤ አሳፋሪም አይደለም።

ቀዛፊውን መምረጥ

ዳር ስትደርሱ የሚቀበሏችሁ ወጣቶች ብዙ ናቸው። አትቸኩሉ። ውኃው ላይ ዕድሜውን የፈጀ ሰው ፈልጉ፤ ሰላምታ ሰጥታችሁ ተቀመጡና፣ «ጋሼ፣ ከሰዓት ነፋሱ የሚነሣው ከየት ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። ሥራውን የሚያውቅ ሰው እጁን ዘርግቶ ተራራውን ያሳያችኋል፣ በስንት ሰዓት እንደሚጀምር ይነግራችኋል፣ «እንግዲህ በዚህ ሰዓት ከዚያ ማዶ አንገኝም» ይላችኋል። «ምንም የለም፣ አትስጉ» ብሎ የሚያልፈውን ተዉት። ጠጥቶ የመጣውንም እንዲሁ።

ከዚያ ጀልባውን እዩ። ወለሉ ላይ ውኃ ተኝቷል? ትንሽ እርጥበት ያለ ነው፤ ቁርጭምጭሚት የሚደርስ ከሆነ ሌላ ፈልጉ። ውኃ ማፍሰሻ ጣሳ፣ ሁለት መቅዘፊያ፣ በገመድ የታሰረ መልሕቅ ወይም ድንጋይ መኖሩን አረጋግጡ። ስንት ሰው እንደሚችል ባለቤቱን ጠይቁና ከዚያ ቁጥር አንድ ቀንሱ፤ ለማጥመድ የሚወጣ ሰው ለሽርሽር ከሚወጣው የበለጠ ይንቀሳቀሳል፣ ክርና ባልዲም ቦታ ይወስዳል።

ዋጋውን ሳትሳፈሩ ጨርሱ። ክፍያው በሰዓት ነው ወይስ በምልልስ? የተያዘው ዓሣ የማን ነው? ከማን ጋር ይበላል? እነዚህን ሦስቱን በግልጽ ተነጋገሩ፤ ግማሹን ከፍላችሁ ግማሹን ሲመልሳችሁ ስጡ። አንድ ነገር ግን በገንዘብ አይደራደሩበትም፤ «እንመለስ» ሲል ትመለሳላችሁ። ይህን ከመነሣታችሁ በፊት በሁላችሁም ፊት ንገሩት፤ ያኔ እሱም ደንበኛ ይቀየመኛል ብሎ አይፈራም።

ስለ ሕጉም ጠይቁ። አገሪቱ የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315/1995 አላት፤ ክልሉም የራሱ ደንብ አለው። ለመዝናኛ በመንጠቆ የሚያጠምድ እንግዳ ምን እንደሚጠበቅበት የወረዳው የእንስሳትና ዓሣ ሀብት ጽሕፈት ቤት ይነግራችኋል፤ ቀዛፊውም ያውቃል። በመርዝና በፈንጂ ማጥመድ ክልክል ነው። ይህ የብርብራ ፍሬ ቀጥቅጦ ወንዝ ውስጥ መጨመርንም ይመለከታል፤ ብርብራ ትልቁን ከትንሹ፣ የሚበላውን ከማይበላው ሳይለይ ይፈጃል። በውኃው ላይ የምታዩት የተዘረጋ መረብ የሰው እንጀራ ነው፤ አትንኩት፣ ክራችሁንም በላዩ አትጣሉ።

ውኃው ላይ

ከንጋቱ 12 ሰዓት ላይ ጀልባው ላይ ሁኑ። አንድ በአንድ ግቡ፤ መሀሉን ረግጣችሁ ወዲያው ተቀመጡ። ከባዱ ሰው መሀል፣ ቀሪው ግራና ቀኝ በሚዛን። በጀልባ ላይ ቆሞ ክር መወርወር የተከለከለ አድርጉት። በየጎኑ ከሁለት ክር በላይ አታውርዱ፤ የተጠላለፈ ክር ለመፍታት ሁሉም ወደ አንድ ወገን ሲያጋድል ነው ጀልባ የሚገለበጠው።

የሐይቅ ውኃ ሰፊ ከመምሰሉ ይልቅ ጥልቅ ነው። በተመራማሪዎች ልኬት ከ80 ሜትር በላይ የሚወርድ ቦታ አለው፤ ከዳር ብዙ ሳይርቅም ይጠልቃል። ጀማሪ መሀል ሜዳው ላይ ሄዶ ክሩን ሙሉ ቢለቅ ባዶ ውኃ ነው የሚያጠምደው። የምትፈልጉት ጠርዙን ነው፤ ዓለቱ ወይም የፊላው ዳር ቀስ ብሎ ወርዶ ድንገት የሚጠልቅበትን መስመር።  ትናንሾቹ ነፍሳትና የዓሣ ምግብ የሚገኙት ብርሃን በሚደርስበት ጥልቀት ነው፤ አደጋ ሲመጣ ዓሣው የሚሸሸው ደግሞ ወደ ጥልቁ ነው። ጠርዙ ሁለቱንም ይሰጠዋል።

ጠርዙን እንዲህ ታገኙታላችሁ። እርሳስ ብቻ የታሰረበት ክር ላይ በየክንዱ ቋጠሮ አድርጉ። ቀዛፊው ከዳር ወደ ውስጥ ቀስ እያለ ሲቀዝፍ ክሩን ጣል፣ ቁጠር፣ አንሣ። አምስት፣ ስድስት፣ ሰባት ክንድ ሲል ቆይቶ በአንድ ጊዜ ሃያ ካለ አልፋችሁታል፤ ጥቂት ተመለሱ። መልሕቁን ጥልቀት ከሌለው ወገን ጣሉት፤ ከጥልቁ ወገን ገመዳችሁ መሬት አይደርስም። ከዚያ ዝም በሉ። ወለል ላይ የሚወድቅ ጣሳና የሚጎተት ባልዲ ድምፁ በውኃ ውስጥ ሩቅ ይሄዳል።

ሐይቁን ስታቋርጡ የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ደን ይታያችኋል። በ13ኛው ክፍለ ዘመን አቡነ ኢየሱስ ሞዓ ያስተማሩበት፣ አቡነ ተክለ ሃይማኖትም የተማሩበት ቦታ ነው። ጥንት ደሴት ነበር፤ ዛሬ ከየብሱ ጋር ተያይዟል። ወደ ወንዶቹ ገዳም ሴት አትገባም፤ ስለዚህ ከእናንተ ጋር ሴቶች ካሉ በዚያ ዳር ለመውረድ አታስቡ። ሁላችሁም ብትሆኑ ከገዳሙ ዳር ራቅ ብላችሁ አጥምዱ፤ ሙዚቃ አትክፈቱ። መጎብኘት የሚፈልግ ከሰዓት በኋላ በእግሩ፣ በፈቃድ ይሂድ።

ዓሣው

ዛሬ ሐይቅን ያስጠራው ቆሮሶ የጥንት ነዋሪ አይደለም። በ1970 ዓ.ም. አካባቢ መጥቶ የተለቀቀ ዓሣ ነው፤ ተራብቶ ለብዙ ቤተሰብ መተዳደሪያ ሆነ። ከእሱ ጋር አምባዛና ዱባ የሚባለው ዓሣ አሉ።

ለቆሮሶ ቡሹን ከመንጠቆው በላይ ሁለት ሜትር ያህል ላይ እሰሩ፤ ካልበላ ግማሽ ሜትር እየጨመራችሁ ጥልቀቱን ፈልጉ። ትሉን ሙሉውን አታንጠልጥሉ፤ ቁራጩን መንጠቆው ላይ እንደ ካልሲ አልብሱት፣ ጫፉ ብቻ ትንሽ ይንቀሳቀስ። ቆሮሶ ሲመጣ ቡሹ መጀመሪያ ይንቀጠቀጣል። በዚህ ጊዜ አትሳቡ፤ እየቀመሰ ነው። ቡሹ ወደ ጎን ሲንሸራተት ወይም ቀስ ብሎ ሲሰምጥ ያኔ የእጃችሁን አንጓ ብቻ ወደ ላይ ቀና አድርጉ። ክንድን ሙሉ አሽቀንጥሮ መሳብ የዓሣውን ስስ ከንፈር ይቀድዳል። ከዚያ ክሩን ሳታላሉ፣ ሳትቸኩሉ ሰብስቡ።

ጀልባው ላይ ሲደርስ እጃችሁን አርጥቡና ከጭንቅላቱ ወደ ጅራቱ እያሻሻችሁ ያዙት፤ በጀርባው ላይ የተሰደሩት እሾሆች በዚህ አያያዝ ይተኛሉ፣ በተቃራኒው ከሄዳችሁ መዳፍ ይበሳሉ።

እዚህ ላይ ቆም በሉና አፉን ተመልከቱ። የቆሮሶ እናት እንቁላሏን የምትፈለፍለው በአፏ ይዛ ነው፤ ጫጩቶቹም አደጋ ሲያዩ ተመልሰው እዚያው ይገባሉ። ጉሮሮዋ ሥር አበጥ ብሎ ከታየ፣ አፏን ገለጥ ስታደርጉ ቢጫ ፍሬዎች ከተደረደሩ፣ ወይም በእጃችሁ ላይ ጥቂት ከተፋች፣ መንጠቆውን ውኃው ውስጥ እንዳለች አውጡና ልቀቋት። ያፈሰሰቻቸው ብዙውን ጊዜ አይተርፉም፤ እሷ ግን እንደገና ትወልዳለች። ከመዳፍ ያነሱትንም መልሱ። በዳሩ አሸዋ ላይ ሳህን የመሰሉ ክብ ጉድጓዶች ካያችሁ ወንዱ ያዘጋጀው የመራቢያ ቦታ ነው፤ መልሕቅ አትጣሉበት። በመንጠቆ የሚያጠምድ ሰው በመረብ ከሚያጠምደው የሚለየው አንድ በአንድ ዓይቶ መምረጥ መቻሉ ነው፤ ይህን ዕድል ካልተጠቀመበት መንጠቆ መያዙ ትርጉም የለውም።

ዱባ ከታች ይግጣል። ቡሹን አውጡ፣ እርሳሱ መሬት ይንካ፣ ሊጥ አድርጉ። ሲይዝ ጉልበተኛ ነው፤ ክሩን በጣት ላይ ጠምጥማችሁ አትጠብቁት፣ ይቆርጣችኋል። ሲጎትት ልቀቁ፣ ሲደክም ሰብስቡ።

አምባዛ የማታ ዓሣ ነው። በሌሊት ግን በጀልባ አትውጡ፤ ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ከዳር ሆናችሁ ትልቁን መንጠቆ በጉበት ጣሉት። ቆዳው ያዳልጣል፤ በጎንና በጎኑ ካሉት ክንፎቹ ጋር ጠንካራ እሾህ አለው። ከጭንቅላቱ ኋላ በጨርቅ ጨብጣችሁ ያዙት። ከውኃ ከወጣ በኋላም ረጅም ጊዜ ይቆያል፤ አየር መተንፈስ የሚያስችል አካል አለው። ስለዚህ ሞቷል ብላችሁ እጃችሁን አፉ ውስጥ አታስገቡ። ቅርፊት ስለሌለው የማይበሉት ሽማግሌዎች አሉ፤ ለእንግዳ ከማቅረባችሁ በፊት ጠይቁ።

ነፋሱ

ሦስት ሰዓት ካለፈ በኋላ ዓይናችሁ ቡሹ ላይ ብቻ አይሁን። ከማዶ በኩል በውኃው ገጽ ላይ የጠቆረ መስመር እየሰፋ ሲመጣ ካያችሁ ነፋሱ ተነሥቷል። ቀዛፊው ሳይናገር እንኳ ክራችሁን ጠቅልሉ። አራት ሰዓት ላይ ዳር መድረስ ጥሩ ልማድ ነው። ማዕበል መሀል ከገባችሁ ከጀልባው ወለል ላይ ዝቅ ብላችሁ ተቀመጡ፤ ቀዛፊው አፍንጫውን ወደ ማዕበሉ ይመልስ፤ አንድ ሰው ውኃ ያፍስስ። ጀልባው ቢገለበጥ ጀልባውን አትልቀቁ። የእንጨት ጀልባ ተገልብጦም ይንሳፈፋል፤ ዳሩ ቅርብ መስሎት ዋና ሳይችል የሚለቅቅ ሰው ነው የሚጠፋው።

ማጽዳትና ይዞ መመለስ

ዓሣው ዳር እንደደረሰ ወዲያው ይጽዳ። ቅርፊቱን ከጅራት ወደ ራስ በቢላ ጀርባ ፋቁ፣ ሆዱን ሰንጥቃችሁ አንጀቱን አውጡ፣ ቀዩን ስንጥብ ቁረጡ፤ ቀድሞ የሚበላሸው እሱ ነው። በቆሮሶ ሆድ ውስጥ ግድግዳው ላይ የተለጠፈ ጥቁር ስስ ሽፋን ታገኛላችሁ። በጨው ፈትጋችሁ አንሡት፤ ከተተወ ይመርራል።

የምመክረው ግማሹን እዚያው መብላት ነው። ጎኑን በሰያፍ ተልትላችሁ፣ ጨውና ሎሚ አሽታችሁ፣ ዱቄት ነስንሳችሁ በፈላ ዘይት ውስጥ ጥበሱት፤ በአዋዜ ይበላል። ቀዛፊውን አብራችሁ አስቀምጡት።

ጥሬውን ወደ ጎብዬ ለማምጣት ከፈለጋችሁ በዋዜማው ሐይቅ ከተማ ውስጥ ፍሪጅ ያለው ቤት ለምናችሁ ውኃ የሞላ ሃይላንድ አስቀዝቅዙ። የጸዳውን ዓሣ በንጹሕ ፌስታል ጠቅልላችሁ በበረዶ ጠርሙሶቹ መሀል፣ ከዚያ በእርጥብ ጆንያ። ከመርሳ ወዲህ ሙቀቱ ይጨምራል፤ ጆንያውን እንደገና አርጥቡት፣ ጣሪያ ላይ አትጫኑት። በረዶ ካልተገኘ ጥሬ አታምጡ፤ በደንብ የተጠበሰውን አምጡ። ስንጥቡ ያጠቆረ፣ ዓይኑ የጎደጎደ፣ ሲጫኑት ሥጋው የማይመለስ ዓሣ ለልጅ አይሰጥም።

የተበጠሰ ክር ውኃው ዳር አትጣሉ፤ ወፎች እግራቸው ይታሰርበታል። ሰብስባችሁ ኪስ ክተቱት።

በመጨረሻ አንድ ልመና። ጀልባ ስትከራዩ ለእያንዳንዱ ተሳፋሪ የመንሳፈፊያ ጃኬት ያለውን ምረጡ፤ ጥቂት ብር ቢያስጨምር እንኳ ክፈሉ፤ ከሌለው ባለቤት ጋር ስትነጋገሩም የማትሳፈሩበትን ምክንያት በትህትና ንገሩት። ደንበኛ በዚህ ምክንያት የሚርቀው ባለ ጀልባ ጃኬት ይገዛል። ልጆቻችሁንም ጀልባ ላይ ከማውጣታችሁ በፊት ዋና አስተምሯቸው።